ቅጽ ቁጥር አሥራ ሰባት

ሊይዙኝ ሲመጡ እጄ እስከ ክርኔ ማር ነበር። ሁለት ፖሊሶች ናቸው የመጡት። አንደኛው ካቴና አወጣ፤ እጄን አየ፣ ካቴናውን አየ፣ «ታጠቢ» አለኝ። ቀስ ብዬ እስከ ጥፍሬ ሥር ድረስ ታጠብሁ። የሰቆጣ ነጭ ማር ቶሎ አይለቅም፤ እኔም ቶሎ እንዲለቅ አልረዳሁትም። ባሌ በዚያ መካከል ጋቢ አምጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። እሱ ጋዝጊብላ የተወለደ ነው፤ ቃልን እንደ ዘር እህል ይቆጥባል።

ምርጫው አልፎ ሰው ሁሉ በጎን የሚተያይበት ወር ነበር። ጎረቤት የጎረቤቱን እንግዳ ይቆጥራል። አንዲት ነጋዴ ምን አድርጋ ልትታሰር እንደምትችል መንገዱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ሄድሁ። ሚዛኔ ልክ ነው። ማሬ ስኳር የለበትም። ከፓርቲዎቹም አንዱን አላስቀየምሁም፤ ማር ሁሉም ይበላል።

የሴቶች ክፍል የሚሉት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። እህሉ ሲወጣ ነቀዙ ቀርቷል፣ ሽታውም እንዲሁ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ ብርሃን የሚገባው ከበሩ በላይ በተተወች አንዲት ክፍተት ነው። ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። በድንበር ክርክር የጎረቤታቸውን ራስ በዘነዘና ፈንክተው ነው የገቡት፤ ጸጸት አይታይባቸውም። ከእሳቸው አጠገብ፣ ጫማዋን አውልቃ ጭኗ ላይ ያቀፈች፣ ሲስተር ነበረች። እሷን ሳይ የታሰርሁበት ነገር ገባኝ። ሚዛንም ስኳርም አይደለም። ወረቀት ነው።

ሲስተር የነርሶች አስተማሪ ናት። ከሌላ አገር መጥታ፣ የእኛ አገር እናቶች ሲወልዱ ማን እንደሚያዋልዳቸው፣ ከወለዱ በኋላ ማን እንደሚንከባከባቸው፣ ጤና ጣቢያ እያለ ለምን ቤት እንደሚቀሩ ታጠና ነበር። ያን በጋ ለማር ወደ ሰሃላ፣ ወደ ደሃና፣ ወደ ጋዝጊብላ ስዞር አብራኝ ዞረች። መንገዱን አውቃለሁ፤ በኽምጣንጋ ነው አፌን የፈታሁት፤ ቀፎ ካለበት ቤት የማላውቀው የለም። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ በቋንቋችን እጠይቅላታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ከንቱ ቀረ። መጠይቋ «ስንት ልጅ ወልደሻል?» ይላል። አንዷ «አንድ» አለች። ሁለተኛዋም «አንድ»። ሦስተኛዋ አንዱን አዝላ፣ ሁለቱ ቀሚሷን ይዘው እየጎተቷት፣ «አንድ» አለች። ሲስተር ሁሉንም ጻፈች። ጥላ ሥር አረፍ ስንል፣ «እትዬ፣ እዚህ አገር ወሊድ ትንሽ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቄን በነጠላዬ ያዝሁት። እኛ ዘንድ ልጅ ተቆጥሮ ለእንግዳ አይነገርም። የቆጠረች ለሰው ዓይን ትሰጣለች፣ ለሞትም ታስታውሰዋለች። ስንት ጊዜ አራስ ተኛሽ ብለሽ ጠይቂ አልኋት። አራስነት የእናቲቱ ነው፤ ቢቆጠር ማንንም አይጎዳም። ከዚያ በኋላ ሰባትም መጣ፣ ስምንትም መጣ፤ የሞቱትም አብረው መጡ። ሲስተር ይህን ትምህርት ቤት አልነገሩንም አለች። ትምህርት ቤቱ ማር አይሸጥማ አልኋት።

ሌላው ሥርዓቷ ስም አለመጻፍ ነው። ከመጠየቋ በፊት ለእያንዳንዷ ቃል ትገባለች። ስም የለም፣ ቀበሌ የለም፤ እያንዳንዷ ሴት የቅጿ ቁጥር ናት፣ መድኃኒቱ እንኳ በቁጥር ነው የሚሰፍረው። ሴቶቹ ለእናታቸው ያልነገሩትን የነገሯት በዚህ ምክንያት ነው። መርማሪው ያሰረንም በዚሁ ምክንያት ነው። በስም የሚጽፍ ሰላማዊ ሰው ነው፣ በቁጥር የሚጽፍ ግን ድርጅት ነው ብሎ ደምድሟል።

በታሰርሁ በማግሥቱ ጠዋት ሲስተርን ጠርቶ ሲያቆያት ቆይቶ መለሳት። ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል።

«የአሥራ ሰባትን ቅጽ ይዟል» አለችኝ።

አሥራ ሰባት ማን እንደሆነች ዛሬም አልናገርም፤ ከሦስቱ ወረዳዎች የየትኛው እንደሆነችም። ስድስት ጊዜ አራስ ተኝታ አራቱን የቀበረች ሴት ናት። በመጨረሻው ወሊድ ደሟ አልቆም ብሎ ሦስት ቀን ራሷን አታውቅም ነበር። ሌላ ብታረግዝ እንደማትተርፍ ታውቃለች። ባሏ የሚሊሻ አዛዥ ነው፤ ገና ወንድ ልጅ ይፈልጋል፤ የሴትን እምቢታ የሚመልሰው ግድግዳ ላይ የሰቀለውን መሣሪያ በአገጩ እያመለከተ ነው። እሷም በየሦስት ወሩ፣ በገበያ ቀን፣ በጤና ጣቢያው በር ሹልክ ብላ ገብታ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋለች። ይህን የነገረችን ንቦቹ ድምፅዋን እንዲሸፍኑላት ከቀፎዎቹ ጀርባ ቆማ ነው። ሲስተር ያሰፈረችው ይህንኑ ነበር፦ በየሦስት ወሩ፣ በገበያ ቀን፣ ባሏ አያውቅም፣ እንዳይታወቅባት ትሰጋለች። መርፌው ቁጥር ብቻ ነው።

መርማሪው ይህን አንብቦ መልእክተኛ የያዘ መሰለው።

ምን አልሽው ብዬ ጠየቅኋት። የነገሩኝን ለሌላ አልናገርም አልሁት አለች። ሌላ ነገር አልፈጠርሽለትም? አልኋት። «በጥናት ላይ እንዴት ይዋሻል?» አለችኝ፤ ከልቧ ነው። የተማረ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ዝም ማለት ያውቃል፣ መዋሸት አያውቅም። መርማሪ ደግሞ ዝም ያሉት ቀን ይበልጥ ይርበዋል። ስሟን እስከ ማታ ካልነገርሽኝ ነገ ቅጾቹን ይዤ መንደር ለመንደር እወጣለሁ፣ ባሎቹን ሰብስቤ እያነበብሁ ይቺ የማን ሚስት ናት እላለሁ ብሏታል።

አሮጊቷ ከጥጋቸው ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

«የእኔ ልጅ፣ ውሻ አጥንት ሳይጥሉለት ከበር አይነሣም» አሉኝ።

ከቀትር በኋላ እኔን አስጠራኝ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ከሌላ የአማራ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙን ያስተኮሰ። ቋንቋችንን አይሰማም፣ መንገዳችንን አያውቅም። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶው ጫፍ መታው።

«አሥራ ሰባት ማነው?»

«ማነች በል እንጂ» አልሁት። «እኔ ነኝ።»

ቀና አለ። ነጋዴ ዋጋ ጠርቶ ዓይኑን አይሰብርም፤ እኔም አልሰበርሁም። በየሦስት ወሩ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ መርፌ ልወጋ አልሁት። የምን መርፌ አለ። ያንን ከወር አበባዬ ጀምሬ በዝርዝር አስረዳሁት፤ ጆሮው እስኪቀላ። ሌላ ወንድ ቢሆን እዚያ ላይ ያሰናብተኝ ነበር፤ ይህኛው ጆሮው ቀልቶም ይጽፋል። ካርድሽ የት አለ አለ፤ ባሌ እንዳያገኘው ቤት አላስቀምጥም አልሁት። እዚህ ዕድሜ ሃያ ስምንት ይላል አለኝ ፊቴን እያየ። ሠላሳ አምስት ሊሞላኝ ነበር።

«ፀሐዩ ነው» አልሁት። «ሁለት ዓመት እዚህ ሥራ፣ አንተም ታየዋለህ።»

አልሳቀም። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ስድስት ጊዜ ወልዳለች ይላል። አንቺ ሁለት ልጅ ነው ያለሽ። ሰፈርሽን ጠይቄያለሁ።»

«አራቱን ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ቁጠራቸው።»

እስክሪብቶው ቆመ። ከአራቱ ሁለቱ የእኔ ናቸው። ሁለቱን ጨመርሁ። በንግድ ዘመኔ ብዙ ነገር ላይ ጨምሬ አውቃለሁ፤ መቃብር ላይ የጨመርሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ስግደት ሳያዝዙኝ አሰናበቱኝ።

«ታዲያ ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሏል።

«እኔ። ጻፈው።»

ጻፈው። ከዚያ ግን ልቡ አላርፍ አለውና ጠባቂውን ጠራ። ባሌ ምሳዬን ይዞ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አስገባው አለ።

ያኔ ደነገጥሁ። ባሌ ስለ አሥራ ሰባት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሰው ምሥጢር ለባል አይነገርም ብዬ አልነገርሁትም። እሱ የቀበራቸው ልጆች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ጉድጓዱን በእጁ ነው የቆፈረው። አንዲት ቃል ካፈነገጠ መርማሪው ነገ ወረቀቱን ይዞ መንደር ይወጣል። በዓይን እንዳልጠቅሰው ወንበሩን አዙሮ አስቀመጠው። የሚታየኝ የጋቢው ጀርባና ጉልበቱ አጠገብ ያስቀመጠው አገልግል ብቻ ነው።

«ባለቤትዎ ስንት ጊዜ ወልዳለች?»

ባሌ አልቸኮለም። «የወለደችው እሷ ናት። እሷ ስንት አለች?»

«እርስዎን ነው የጠየቅሁት።»

«ወንድ ምን ያውቃል ብዬ ነው» አለ ባሌ፤ እንደ ጅል ሰው።

መርማሪው ትዕግሥቱ አለቀ። «ስድስት ብላለች! ልክ ናት አይደለችም?»

ጋቢው አልተነቃነቀም። ከቆርቆሮው ላይ የወፎች እግር ይሰማኝ ነበር። ባሌ አብረን የኖርንባቸውን ዓመታት በሙሉ እየቆጠረ መሰለኝ።

«ስድስት ነው» አለ።

«በሕይወት ያሉትስ?»

«ሁለት።»

«አራቱን ማን ቀበረ?»

«እኔ ነኛ።»

«በድብቅ መርፌ እንደምትወጋ ያውቃሉ?»

«አሁን ካንተ ሰማሁ» አለ። ካወራው ሁሉ፣ ከሁለቱ ልጆቻችን በቀር፣ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር።

መርማሪው ቅጹ ግርጌ ላይ የጻፈውን ወደ እኔ ገፋው፤ አውራ ጣቴን እንዳስነካ የቀለሙን ስፖንጅም አብሮ። እስክሪብቶውን ስጠኝ አልሁት። ፊደል የለየሁት ከጆንያ ላይ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ፊደሌ ትልልቅ ነው። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጻፍሁ። ከቅጾቹ ሁሉ ስም ያለው ይህ አንዱ ብቻ ሆነ።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ስነግራት ሲስተር እጄን ይዛ ቆየች። ቆይታ ግን አስተማሪነቷ አላስችል አላት። «እትዬ፣ አሥራ ሰባት እኮ ተበላሸች። ዕድሜዋ ሌላ፣ አገሯ ሌላ።» የተበላሸችው እሱ ዘንድ ነው፣ አንቺ ዘንድ ደህና ናት አልኋት። አሮጊቷ እዚያ ክፍል ከገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

በስምንተኛው ቀን ለቀቁን። ለሲስተር ከአንዱ ቅጽ በቀር ሁሉንም መለሱላት። ዛሬ ለጥናት የሚመጡት ወጣት ነርሶች እናቶቻችንን ስንት ጊዜ አራስ ተኛሽ ብለው ሲጠይቁ እሰማለሁ፤ ከማን እንደተማሩት አያውቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋቸውም።

ወሬው እኔን ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ጠላ ቤት ውስጥ ባሌን «ሚስትህ ማሕፀኗን ቆልፋ ቁልፉን ገበያ ይዛው ትዞራለች አሉ» ብለውታል። ጠላውን ጨርሶ፣ ጽዋውን አስቀምጦ፣ ወደ ቤቱ መጣ። ማን ናት ብሎ አልጠየቀኝም።

«ሴትዮዋ ትተርፋለች?» ነው ያለኝ።

«እኔና አንተ ዝም ካልን።»

«እኔ ዝም ማለት መቼ ቸግሮኝ ያውቃል?» አለ።

ከወር በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስሙን ከተሸከምነው ነገሩንም እንወቀው ብሎ ራሱ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። እኔም ብሆን ለአምስተኛ አራስነት ጉልበት አልነበረኝም፤ ደፍሬ ያልነገርሁት እኔ ነበርሁ። ባለሙያዋ ካርድ እየሞላች ከዚህ በፊት መርፌ ወስደሽ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። በሩ ክፍት ነው፤ ደጅ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይሰማል። ባሌን አየሁት። ባሌ ጣሪያውን አየ።

«በወረቀት ላይ አዎ» አልኋት።

አሥራ ሰባት ያን ቀን ምን እንደሆነ አታውቅም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ቀፎዎቹን አሁን የምትቆርጠው ራሷ ናት፤ ማሯን ለእኔ ታመጣለች። እስኪመሽ እንከራከራለን። አንቺ እኮ አንጀት የለሽም ትለኛለች። ቢኖረኝማ ምን ነጋዴ አደረገኝ እላታለሁ። ነጠላዋ ወደ ኋላ እስኪወርድ ትስቃለች። ጠጉሯ ሸብቷል።