ጽሑፌ ያምር ነበር

አዳማ ምህንድስና ስማር በቡድናችን ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወርክሾፕ በገባን ቁጥር፣ ገና ቱታዬን ሳልቆልፍ፣ ደብተሩ እጄ ላይ ይቀመጣል። «ያንቺ ጽሑፍ ያምራል» ይሉኛል ልጆቹ። ክፋት አልነበራቸውም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ አብረን ወጥተን የፓፓያ ጭማቂ የሚጋብዙኝ፣ እስከ ዛሬ የሚናፍቁኝ ልጆች ናቸው። እነሱ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ደስም ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ! አስተማሪያችን ሪፖርቱን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ ሲያሳይ እንደ ሙሽራ አንገቴን እደፋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቱታዬን አንድ ጠብታ ግራሶ አልነካውም። እናቴ እንዲያውም «የሷ ትምህርት ንጹሕ ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር።

የሚያናድደኝ ለሞተር እንግዳ አለመሆኔ ነው። አባቴ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት የሚያጠጣበት አሮጌ የውሃ ሞተር ነበረው። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ እጄም ቀጭን ስለነበረች ጠባብ ቦታው ሁሉ የኔ ድርሻ ነበር። ሞተሩ እየዞረ ውሃ አልስብ ሲል በኦሮምኛ «ዱራ ቢሻን ኦባሲ» ይለኛል፤ መጀመሪያ ውሃ አጠጪው ማለቱ ነው። ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ አይስብምና፣ ክዳኑን ከፍቼ በጣሳ እሞላዋለሁ። ከቦዩ ጭቃ ጋር ተደባልቆ የሚመጣው የናፍጣ ሽታ አሁንም ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ የተግባር ፈተና መጣ። አስተማሪው «በቡድን የለም፣ እያንዳንዱ ለብቻው» አለ። የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ዕጣ ስናወጣ ፓምፕ ደረሰኝ። አስነሳሁት፤ ይዞራል፣ ውሃ ግን የለም። የብሎን መፍቻ ቁልፍ ላነሳ ስል የትኛው ቁጥር እንደሚገጥም እንኳ አላውቅም። ስለዚያው ፓምፕ ያን የመሰለ ሪፖርት ጽፌያለሁ፤ አንድ መስመር እንኳ አልመጣ አለኝ። የመጣልኝ አባቴ ነው። ሞተሩን አጠፋሁና አንድ ጆግ ውሃ ጠየቅሁ።

«ጠማሽ እንዴ?» አለ አስተማሪው።

«የጠማው እሱን ነው።»

ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየሞከርኩ ክዳኑን ከፈትኩ። እስኪሞላ አጠጥቼ መልሼ ሳስነሳው ውሃው እየተንዶለዶለ ወጣ፤ ፊቴንም፣ ያን ንጹሕ ቱታዬንም አራሰው። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ አለቀስኩ። ከደስታ መስሏቸው ነበር፤ ያስለቀሰኝ ግን ሦስቱ ዓመት ነው።

ዛሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን ጥገና ላይ ነኝ። አባቴ ካረፈ ቆየ፤ ሞተሩንም ሸጥነው፣ ስለሱ እስካሁን ይቆጨኛል። በቀደም አራት ተለማማጆች ተላኩልኝ፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት። አንድ የተበላሸ ማሽን ልንፈታ ከበን ስንቆም፣ ልጅቷ ማንም ሳይላት ደብተሩን አነሳች።

«ተይው» አልኳት።

«ግድ የለም ኢንጅነር፣ ጽሑፌ ያምራል።»

«የኔም ያምር ነበር» አልኩና ደብተሩን ተቀብዬ ለአንዱ ልጅ ሰጠሁት። ለሷ ቁልፉን አቀበልኳት። መፍታት ሲገባት ወደ ማጥበቂያው በኩል አዞረችው። አንዱ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ በዓይኔ መለስኩት፣ የሚፈታበትን አቅጣጫ ራሷ እስክታገኘው ድረስም ቆሜ ጠበቅኳት።