አንድ ጠብታ ቀይ

ስሟን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ነበር፤ በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም። መኪናው ተጭሮበት ፊቱን አጨፍግጎ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ከጋራዡ በር ላይ ሆኖ «አንድ ጠብታ አለች?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ቀለም ስትቀላቅል ቆርቆሮው ላይ ጎንበስ ትልና ከንፈሯን ሰብሰብ አድርጋ ታያለች፣ ታያለች፣ ከዚያ «አንድ ጠብታ ይቀረዋል» ትላለች። ቀለሙ ልክክ ብሎ የመጣ እንደሆነ እንኳ አንድ ጠብታ ሳትጨምርበት ልቧ አያርፍም።

አርባ ዓመት መኪና ቀባች። ሥራዋ ግን ባማረ ቁጥር የማይታይ ሥራ ነበር። የተጨረማመተ በር ይመጣል፤ ታናሽ ወንድሟ ቀጥቅጦ ያቃናዋል፤ እሷ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ፣ ከቀሪው የመኪናው ገላ ጋር አመሳስላ ትቀባዋለች። ባለመኪናው መጥቶ ይዞራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ «የቱ ጋ ነበር የተጋጨው?» ይላል። ምስጋናዋ ይቺው ነበረች፤ ሰው የሷን እጅ ፈልጎ ማጣቱ።

ወንድሟን መዶሻ ይሉታል፣ በሥራውም በድምፁም። እሱ «ደህና አደርሽ» ሲል ጎረቤት ያለው ሰው ይነቃል። ሴት ልጁ ደግሞ መኪና መንዳት የምታስተምር ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጀማሪዎች ጎን ተቀምጣ «ቀስ፣ ቀስ በሉ» ስትል ስለምትውል ተማሪዎቿ ቀስታ የሚል ስም አወጡላት። እሁድ ሲሆን ግን ቀስታ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች። ስድስት ቀን የዋጠችውን ፍጥነት በሰባተኛው ቀን በዓይኗ ትጠጣለች።

አንድ ቀን ከተማሪዎቿ አንዱ ፍሬን ረገጥኩ ብሎ ነዳጅ ረገጠና የማሰልጠኛውን አሮጌ መኪና ከግንብ ጋር አሳሳማት። ሰው አልተጎዳም። መኪናዋ ግን ከእንግዲህ ለማስተማሪያ አትሆንም ተባለችና ቀስታ አስጎትታ አባቷ ጋራዥ አመጣቻት።

«አባዬ፣ ይቺን ለእሽቅድምድም እንሥራት።»

መዶሻ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ የገባውን መኪና ዞሮ አየና «ይቺን?» አለ። «ይቺ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ ከሁለተኛ ማርሽ ወጥታ አታውቅም!»

«እኔስ መቼ ወጣሁ? ለዚህ ነዋ የምፈልጋት።»

አንድ ጠብታ ከቀለም ክፍሏ ሆና ይህን ሰማችና እስኪያስላት ሳቀች። ነገሩም በዚያው ሳቅ ተወሰነ።

ከደንበኛ ሥራ የተረፈ ሰዓት ሁሉ ለዚያች መኪና ሆነ። ወንበሮቿ ተነቀሉ፣ ምንጣፏ ተገፈፈ፣ ከሾፌሯ ወንበር በቀር ውስጧ ባዶ ቀረ። መዶሻ መኪናዋ ብትገለበጥ ልጁን የሚጠብቅለት የብረት ቱቦ አጥር ከውስጥ በየደላት። ሞተሯ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ታድሶ ተመልሶ ገባ። በሮቿ ክብደታቸው እንዲቀንስ ከውስጥ በኩል ተበሳሱ።

«ስቱኮ እንዳታበዢብኝ እትዬ። ይሄ እሽቅድምድም ነው፤ እያንዳንዷ ግራም ወደ ኋላ ትጎትታለች።»

«የኔን ስቱኮ ከምትቆጥር ያንተን ቦርጭ ቀንስ።»

«እኔ አልነዳትም!»

«ተደግፈሃታል እኮ። ላሜራው ሲጎብጥ አይታይህም?»

ቀለሙ ላይ ሲደርሱ ቀስታ አክስቷን አቀፈቻትና «የዚያን በር ቀለም ቀቢልኝ» አለቻት።

የትኛውን በር ብላ አልጠየቀቻትም። እህትና ወንድም ያደጉበት ቤት በር ነው። አባታቸው ቤት ቀቢ ነበሩ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ያንን በር በብሩሽ ያድሱታል፤ ሰማያዊ ነው፣ ግን ፀሐይ ገብታ ጨለማው ሳይመጣ ያለው ዓይነት ሰማያዊ። ምስጢሩን ለልጃቸው ነግረዋታል፤ «አንድ ጠብታ ቀይ ጣል አድርጊበት፣ አለዚያ ሰማያዊ ይበርዳል።» ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሩን ይደበድባሉ። አባት ከውስጥ ሆነው ማን እንደሆነ እያወቁ «ማን ነው?» ይላሉ። «እኛ ነን!» «እኛ ማን?» «እኛ ነና!» ከዚያ በሩ ይከፈታል። በኋላ መንገድ መጣና ቤቱ ፈረሰ፤ ቁራጭ እንጨት እንኳ አልተረፈም። ቀስታ በሩን አይታው አታውቅም፤ ግን ከጡት ጋር የሰማችው ወሬ ነው።

«እቀባልሻለሁ የኔ እናት» አለች አንድ ጠብታ።

ማንም ያላወቀባት ነገር ግን ነበራት። ከዓመት ወዲህ ዓይኗ እንደ ድሮው አልነበረም። መብራት ስታይ ዙሪያውን ጭጋግ ይከበዋል። ነጭ ጨርቅ ሻይ የተደፋበት ይመስላታል። የቀለም ክፍሉን አምፖል ሦስቴ አስለወጠችና «የዘንድሮ አምፖል ምኑም አይረባ» ብላ አማረረች። የቀለም ቆርቆሮዎቹን ደግሞ በቦታቸው ለየቻቸው፤ ቀዩ ከበሩ በስተግራ፣ ሰማያዊው መስኮቱ ሥር፣ ነጩ መሬት ላይ። ሰው አንዱን ያንቀሳቀሰ እንደሆነ ትቆጣለች፤ ሰዉም እርጅና ነው ብሎ ያልፋታል።

የፈራችው መታወሩን አልነበረም። የፈራችው «አንቺ ደክመሻል፣ አረፍ በይ» የሚለውን ጣፋጭ ቃል ነበር። የቀለም መርጫውን ከእጇ ወስደው በር ላይ ወንበር ይሰጧታል። ደንበኛ ሲገባ ሰላም ትላለች፣ ሲወጣ ደህና ሁን ትላለች። አርባ ዓመት ቀለም የሸተተ ሰው እንዴት ብሎ ወንበር ላይ ይውላል? ስለዚህ ዝም አለች።

የመኪናዋን ገላ ለቀለም ስታዘጋጅ ዓይኗ አላስፈለጋትም። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ እያፈሰሰች በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፤ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን በላሜራው ላይ ታሳልፋለች። የፀጉር ያህል ጉብታ ካለ እጇ ያገኘዋል። እሱን እሷም ታውቃለች፣ ሰውም ያውቃል።

የመቀላቀሉ ጧት ክፍሉን ዘግታ ብቻዋን ገባች። ሰማያዊውን ቀዳች፣ ነጭ ጨመረች፣ አማሰለች። ከዚያ አባቷ እንዳሉት አንድ ጠብታ ቀይ ጣል አደረገች። አየችው። ወደ አረንጓዴ ያደላባት መሰላት። አረንጓዴን ምን ይገድለዋል? ቀይ ይገድለዋል፤ ይህን ቀቢ የተባለ ሁሉ ያውቃል። «አንድ ጠብታ ይቀረዋል» አለችና ጨመረች። አሁንም አረንጓዴ ነው። «አንድ ጠብታ ይቀረዋል።» ያ አረንጓዴ ቆርቆሮው ውስጥ ሳይሆን ዓይኗ ውስጥ መሆኑን ማን ይንገራት? ስታማስል፣ ስትጨምር፣ ስታማስል ቆይታ ድንገት የአባቷ በር ከቆርቆሮው ውስጥ ቀና ብሎ ያያት መሰላት። «መጣህ!» አለችው። ጭምብሏን አጠለቀችና ሙሉ ቀን ቀባች፤ እየዘፈነች ቀባች።

ሲደርቅ ጠራቻቸው። መዶሻና ቀስታ ገቡና ከበሩ ላይ ቀጥ ብለው ቀሩ።

መኪናዋ እንደ መስታወት ታበራለች። የበር ሰማያዊ ግን አልነበረችም፤ የበሰለ ወይን ፍሬ ትመስላለች። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ድምቅ ያለች ወይን ጠጅ!

«እንዴት ናት? በሩ አይደለም?»

መዶሻ እህቱን አየ። ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ፈክቷል። ጉሮሮውን ጠረገና ያ ግድግዳ የሚያነቃንቅ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፣ ቀስ ብሎ «በሩ ነው» አለ። «በሩ ራሱ ነው እትዬ።»

ቀስታም አክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «አክስቴ ሙች፣ እንዲህ ያለ መኪና በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።» እሷስ አልዋሸችም።

እሁድ ደረሰ። አንድ ጠብታ የክት ቀሚሷን ለብሳ ከተመልካቹ መሐል ጥላዋን ዘርግታ ተቀመጠች። መዶሻ ታች መኪናዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ነው። አሥራ ሁለት መኪና ተሰለፈ፣ ባንዲራው ወረደ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እሷ ከሩቅ የምታየው ጥላ ጥላ ነገር ቢሆንም የራሷን ሥራ በማብረቅረቋ ለየቻት። «ግፊያት ልጄ! ግፊያት!»

በድምፅ ማጉያው የሚያወራው ሰውዬ ትንፋሽ አጥሮታል። «ወይን ጠጇ መኪና ስድስተኛ ላይ ናት! ወይን ጠጇ አምስተኛውን አለፈችው! ኧረ ይቺ ወይን ጠጅ ማናት?»

አንድ ጠብታ ተናደደች። ጎኗ ወደ ተቀመጠው ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ዞረችና «ሰውዬው ስለ ወይን ጠጇ ብቻ ነው እንዴ የሚያወራው? ሌላ መኪና አይታየውም?» አለች።

«ታዲያ እማማ፣ ጉድ እያሳየች ያለችው እሷ ናታ!»

«የት አለች? እኔ አላየኋትም።»

«አሁን ፊት ለፊትዎ አለፈች እኮ!»

«አሁን ያለፈችው የኛዋ ናት። ሰማያዊዋ።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ አያት። «እማማ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ሰማያዊ መኪና የለም።»

ጥላዋን አጠፈች። መልሳ ዘረጋች። «የወይን ጠጇ ቁጥር ስንት ነው?»

«አሥራ አራት።»

አሥራ አራትን በነጭ የቀባችው እሷው ራሷ ናት። ቀዩ ቆርቆሮ ትዝ አላት፣ ያ ሁሉ ጠብታ ትዝ አላት፣ የወንድሟ ጉሮሮ ጠረጋ ትዝ አላት። በቃ፣ ታወቀ፤ እሷ ሳታውቅ እነሱ አውቀዋል። ያ የፈራችው ወንበር መጣ። ዕንባዋ ሊወርድ ሲል ሜዳው በአንድ ድምፅ «ወይን ጠጅ! ወይን ጠጅ!» እያለ ተነሣ። ሽማግሌው ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረ፤ የማን እጅ እንደቀባት እንኳ ሳያውቅ። ቀስታ ሦስተኛ ሆና ገባች። አንድ ጠብታም ሳታስበው ቆማ «ወይን ጠጅ!» ስትል ራሷን ሰማችው።

ወደ ታች ወረደች። መዶሻ ከሩቅ ሲያያት ክንዱን ዘርግቶ መጣ፤ ፊቷን ሲያይ ክንዱን ሰበሰበ።

«መዶሻ።»

«አቤት እትዬ።»

«ይቺ መኪና በሩ ናት ብለኸኝ ነበር።»

«እህ… በሩ… ትንሽ ደመቅ ብሎ…»

«ወይን ጠጅ ናት!»

ሰውዬው መሬት መሬት አየ። እሷም ያንን ዓመት ሙሉ የያዘችውን ቃል አወጣችው። «ዓይኔ ከድቶኛል። መርጫውን ለሌላ ሰው ስጡ። ወንበሬን አዘጋጁ።»

«የምን ወንበር?» የመዶሻ ድምፅ ተመልሶ መጣ፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየ። «ዳኛው መጥቶ ላሜራውን በመዳፉ እያሻሸ ‹ይሄ የማን እጅ ነው?› ብሎ ሦስቴ ጠይቆኛል! አርባ ዓመት ‹የቱ ጋ ነበር› ሲሉሽ ኖረው ዛሬ ገና ‹የማን ነው› ብለው ጠየቁ፣ አንቺ ወንበር ትያለሽ! ዓይን እንደሆነ ሐኪም አለው። እንዲህ ያለ እጅ ግን ከየት ይመጣል?»

ቀስታ የራስ ቁሯን አወለቀች። ፀጉሯ በላብ ተጣብቋል። «ነገ ተማሪዎቼ ይቆዩ። ዓይን ሐኪም ጋ ነን።»

«ነገ? ኧረ ቀስ በይ ልጄ!»

«ስድስት ቀን ቀስ ስል ነው የምውለው አክስቴ። ነገ አልኩ፣ ነገ ነው።»

ሐኪሟ ዓይኗን በመብራት አየችና ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለች። አንድ ዓመት የተፈራው ነገር እንዲህ በአጭር ቃል አለቀ። አንዱ ዓይን ተሠራ፣ ቆይቶ ሁለተኛው። ሽፋኑ ሲነሣላት መጀመሪያ ያየችው የነርሷን ጋውን ነበር፤ ነጭ! ሻይ ያልነካው ነጭ! ነርሷን ይዛ ጋውኗን ሳመችው።

ጋራዥ ስትደርስ ቀጥ ብላ መኪናዋ ፊት ቆመች።

«የፈጣሪ ያለህ! ይሄን የቀባ ሰው ይታሰር!»

መዶሻ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ልግፈፋት። ከሥሯ ልጀምር።»

«በፍጹም!» ቀስታ መኪናዋ ላይ ተዘረጋች። «ሕዝብ ያወቃት በዚህ ቀለም ነው። እንኳን መግፈፍ፣ ጥፍርሽን አታስነኪያትም!»

ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ቀስታ የሾፌሯን በር ብቻ ለቀቀች፤ «መቼም በር የሚቀባው በር ላይ ነው» ብላ።

አንድ ጠብታ ሰማያዊውን ቀዳች፣ ነጭ ጨመረች፣ አማሰለች። አንድ ጠብታ ቀይ ጣለች። ጎንበስ ብላ አየች። ወንድሟና የወንድሟ ልጅ ያንን ቃል ሲጠብቁ እሷ ቆርቆሮውን ከደነችውና «በቃው» አለች።

ቀለሙ ሲደርቅ አንድ ጠብታ የበሩን እጀታ ልታጠባብቅ መኪናዋ ውስጥ ገባችና በሩን ስባ ዘጋችው። መዶሻ ከውጭ ቆሟል። ያንን ሰማያዊ አየ፤ ፀሐይ ገብታ ጨለማው ሳይመጣ ያለውን ሰማያዊ። ሽበታሙ ሰውዬ እጁን አነሣና በሩን በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ፣ ኳ አደረገው።

ከውስጥ እንደ አባታቸው ድምፅ የጎረነነ ድምፅ መጣ። «ማን ነው?»

«እኛ ነን» አለ መዶሻ።

«እኛ ማን?»

መልሱን ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ሳቅ ይሁን ሌላ የማይታወቅ ነገር ቀደመው። ያንን ቤት አይታው የማታውቀው ቀስታ ናት ከኋላው ሆና የጮኸችለት።

«እኛ ነና!»

በሩም ተከፈተ።