ሮዙ ቀዳዳ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፤ ስሙ ለቅጥነቷ ሳይሆን ለምላሷ የወጣ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ያሳደገችው በስፌት መኪናዋ ነው። ዛሬ ዓይኗ ደክሞ እንኳ የክር ቀለም ተሳስታ አታውቅም።

ልጇ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ አሮጌ ኮምፒውተሩን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተከለላት። «እሁድ እሁድ እደውላለሁ፤ ሲጮህ ይቺን ትጫኛለሽ» አላት። መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር። ኋላ አልፎ አልፎ ሆነ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ድምፅ አጣ።

«ድምፁ ጠፋ» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። የልጇ ይሁን የኮምፒውተሩ፣ ሰሚው እንደ ልቡ ይተረጉመዋል። ልጁ ግን ከጓደኞቹ ጋር በስልክ ሲስቅ እንደሚያመሽ ሰፈሩ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ኮምፒውተሩ ከተሠራ ልጇን ትሰማለች ብዬ «ሽቦ» የምንለውን ጠጋኝ ይዤላት ሄድኩ።

«ማን ጥሪው አለሽ?» አለችኝ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«እትዬ፣ መርፌና ሽቦ ዘመድ አይደሉም እንዴ?» አለ እሱ።

«መርፌ ትሰፋለች። ሽቦ ይቧጭራል።»

ሳቀና ሥራውን ጀመረ። የስፒከሩን ገመድ ነቅሎ ስልኩ ላይ ሰካው፤ ዘፈን ወጣ። ስፒከሩ ደህና ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን የድምፅ ምልክት አየ፤ አልተዘጋችም። በመጨረሻ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የኮምፒውተሩን ጀርባ በባትሪ አበራ።

«እኔ ስነቅለው ልብ አላልኩም» አለ ከዚያው ሆኖ። «ገመዱ የነበረው ሮዙ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ሮዙ የማይክሮፎን ነው። የገመዱ ጫፍ እኮ አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴው ቀዳዳም ከጎኑ አለ። ማነው አረንጓዴን ሮዝ ላይ የሰካው?»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ስወለውል ይሆናል» አለች አክስቴ።

ሽቦ ከጠረጴዛው ሥር ቶሎ አልወጣም። እኔም ቀና ብዬ አላየኋትም። ገመዱን አረንጓዴው ላይ ሲሰካው ኮምፒውተሩ «ቲን» አለ፤ እሷ ብቻ ደነገጠች።

እሁድ አብሬያት ልውል መጣሁ። ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። ስፌት የለም፤ መኪናው ጥሪውን እንዳይውጠው ብላ ነው። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ያጉረመርማል። ምሳ አልበላችም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ግድግዳውን እስክትለቅ ድረስ አንድም ነገር አልጮኸም።

«አንቺ ልጅ፣ ስልክሽን አብሪልኝ» አለችኝ።

አበራሁላት። በጉልበቷ ተንበርክካ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ገመዱን ከአረንጓዴው ነቅላ ሮዙ ላይ ሰካችው፤ አልዳበሰችም። ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

ጎረቤታችን በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። «እሜቴ መርፌ፣ ሽቦ ሠራልሽ?»

«ምን ይሠራል፣» አለች አክስቴ ክሩን በምራቋ እያሾለች፣ «ድምፁ ጠፍቷል አልኩሽ እኮ።»