እኔና የልጄ ማሽን የሸመደድነው

አታላይ ተብዬ ከጎልማሶች ትምህርት በሰው ፊት ተባርሬያለሁ። አላታለልኩም። ሌላውን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ ይሄ ግን ከሁሉ በፊት ይታወቅልኝ።

ሰፈራችን ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወረድ ብሎ ቆላው ውስጥ ነው። ሽንኩርት፣ ማሾና ማሽላ እናመርታለን። ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ አናት ስለሚበሳ ትምህርቱ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ፣ ዋርካው ሥር ነበር። ያኔ ጺሜ ውስጥ ሽበት ገብቷል። በልጅነቴ ማንም ትምህርት ቤት አልላከኝም፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም። መምህሩ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ሲወለድ የተባለለትን እልልታ እኔም ሰምቻለሁ። ሰው አክባሪ ነበር። "ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ" ይለኝ ነበር።

መጽሐፏ ቀጭን ናት። በየገጹ አንድ ስዕል፣ ከሥሩ ጥቂት መስመር። እሱ ያነባል፣ እኛ እንከተላለን፤ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ። የእኔ ጆሮ ደግሞ ክፉ ነው፤ አንዴ የያዘውን አይለቅም። ዓመቱ ሳያልቅ መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር አወቅኋት። የመጨረሻዋ ገጽ ስለ ጉድጓድ ውሃ ነበረች፤ ሚስቴ ዘይት አፍስሳባታለች። ዘይቱን ሳይ አፌ በራሱ ይጀምራል። ጣቴን በመስመሩ ላይ እየነዳሁ እስከ ታች እወርዳለሁ። መምህሩ "ጎበዝ ጋሼ!" ይላል። እኔም ማንበብ ማለት ይሄ ነው ብዬ አመንኩ። ማንበብ ከውስጥ ምን እንደሚመስል የነገረኝ አልነበረም።

የመዝጊያው ቀን እንግዶች መጡ፣ ሰፈሩም ተሰበሰበ። መምህሩ ሊኮራብኝ ፈልጎ አስነሳኝ። የእኔ መጽሐፍ ማርጀቷ ስላሳፈረው ከአንዱ እንግዳ እጅ አዲስ ተቀበለና "የመጨረሻዋን ገጽ ያንብቡልን" አለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ጉድጓድ ውሃ አነበብኩ። አንድ ቃል አልሳትኩም። ሰዉ ይስቃል። ያምርበታል ብለው ነው የሚስቁት ብዬ ድምፄን ጨመርኩ።

እንግዳው "አባቴ፣ ጉድጓዱ የት አለ?" አለኝ።

ያኔ ገጹን አየሁት። አንዲት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ቆማለች። መጽሐፉ እንደገና ሲታተም ገጾቹ ተቀያይረው ኖሯል።

ከኋላ አንዱ "ዶሮዋ ጉድጓድ ገብታ ይሆናላ!" አለ። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ብቻ አልሳቀም። "አንተ ሰውዬ፣ ዓመቱን ሙሉ ስታታልለኝ ነበር? አታላይ! ሂድ ከዚህ!" አለኝ። "እርስዎ" የሚለውን በአንድ ቀን ጨረሰው። ተነስቼ ሄድኩ።

እውነተኛውን ንባብ ያስተማረኝ ንዴት ነው። ሽንኩርት ይዤ ከተማ ስወጣ የቆመ ባጃጅ ካገኘሁ ከኋላው የተጻፈውን እያየሁ እገተራለሁ። ባለባጃጁን እጠይቀዋለሁ፤ እሱም እየሳቀ "'ምቀኛ አታሳጣኝ' ነው ጋሼ" ይለኛል። ቀጥሎ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ያችኑ "ም" አገኛታለሁ። እዚያ ቀይና ወፍራም ነበረች፤ እዚህ ሰማያዊ ሆና እግሯ ተጣሟል። መጽሐፏ ላይ "ም" አንድ መልክ ብቻ ነበራት። ከተማው ውስጥ ግን በየበሩ ልብሷን ትቀይራለች፣ እኔም በየበሩ እለያታለሁ።

አንድ ቀን ከአጣዬ ወደ ቤቴ ስመለስ ሚኒባሱ ላይ በ"ደ" የሚጀምር ነገር አየሁ። ደብረ ሲና በ"ደ" እንደሚጀምር አውቃለሁ፤ የደብረ ሲና መኪና ደግሞ በእኛ በር ነው የሚያልፈው። ረዳቱ "ደሴ! ደሴ!" እያለ ጉሮሮውን ይሰነጥቃል፤ አልሰማሁትም። ምን ብዬ እሰማዋለሁ? አንብቤያለሁ እኮ! ለካ መኪናው ወደ ተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ ካራቆሬ ስደርስ ነው የነቃሁት። ረዳቱ "ጋሼ፣ ምን እያዩ ነው የገቡት?" አለኝ። "ፊደል" አልኩት። "የቱን?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛውን ፊደል ሳላይ እግሬን አላነሳም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ በስህተት ላይ ስህተት፣ ማንበብ ቻልኩ። ሚስቴ "ድሮ ዝም ብለህ ነበር የምትቆጣው፤ አሁን ደግሞ እያነበብክ ትቆጣለህ" ትለኛለች።

መምህሩን ግን አልታረቅሁትም። ሁለታችንም የአንድ ሚካኤል ማኅበር አባል ነን፤ ወር በገባ በ12 በየተራ እንደግሳለን። የእሱ ተራ ሲደርስ እኔ ቤቴ እቀራለሁ። ሽማግሌ ልኮብኛል።

"ይቅር በለኝ ብሏል" አሉኝ።

"ምን አድርጎኝ?"

"ስለተቆጣ ነዋ።"

"መቆጣቱን ማን ጠየቀው? እኔም እቆጣለሁ። አታላይ ያለኝን ያንሳ፤ በሰው ፊት ያለውን በሰው ፊት ያንሳ።"

እሱ ደግሞ "ዋሽቼ አላነሳም፤ አታለውኛል" ብሎ መለሰ። ይሄን አልነፍገውም፣ ቀጥ ያለ ሰው ነው። እኔም ቀጥ ያልኩ ነኝ። ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት ደግሞ አይተቃቀፍም። ሽማግሌዎቹ ሰልችቷቸው ተዉን።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታጠና ነበር። የመጨረሻ ዓመቷ ላይ፣ በጥቅምት፣ ማሽላው ወተት ሲቋጥር መጣች። ያኔ ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል። ማሳው መሐል ከእንጨት ማማ እንሠራለን፤ እላዩ ላይ ቆመን በጅራፍና በወንጭፍ እያባረርን እንውላለን። ስንውል ድምፃችን ይዘጋል።

"አባዬ፣ ዘንድሮ ግሪሳውን ስልክ ይጠብቅልሃል" አለችኝ።

"ስልኩ ወንጭፍ አለው?"

"ካሜራ አለው። ወፍ ሲያይ የጅራፍ ድምፅ ያሰማል።"

"ወፍ መሆኑን በምን ያውቃል?"

"አስተምረዋለሁ።"

እናቷ "አባትሽን ካስተማሩ ወዲያ የማይማር ነገር የለም" አለች።

ስልኩ ውስጥ ያለውን የሚማር ነገር ልጄ "ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ" ትለዋለች። እኔ ማሽን እለዋለሁ። እንዴት እንደሚማር ብጠይቃት ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ወሰደችኝ።

"የመስኖ ውሃ ለቀህ የመጨረሻው መደብ ካልደረሰው ምን ታደርጋለህ?"

"እሳደባለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከታች ተነስቼ ቦዩን ተከትዬ ወደ ላይ እሄዳለሁ። የሰፋውን አፍ በትንሽ አፈር አጠባለሁ፤ የጠበበውን ትንሽ እከፍታለሁ።"

"በአንዴ ይስተካከላል?"

"የት አባቱ! ደግሞ እለቃለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ።"

"በቃ፣ ማሽኑም እንደዚያ ነው" አለች። ፎቶው ከላይ እንደ ውሃ ይገባል፤ በብዙ ትንንሽ ቦይ ያልፋል፤ ከታች "ወፍ" ወይም "ወፍ አይደለም" ብሎ ይወጣል። ከተሳሳተ ከታች ወደ ላይ እየተኬደ እያንዳንዱ አፍ በጥቂቱ ይጠባል ወይ ይሰፋል። ወፍ ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። የሚነገረው መሳሳቱ ብቻ ነው።

"የሰው አንጎልስ?" አልኳት።

"ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው። አንጎላችን ውስጥ ያሉት ሕዋሳት መልእክት ይቀባበላሉ፤ ደጋግመው የተቀባበሉበት መንገድ ይጠነክራል፣ ያልተሄደበት ይደክማል። አንጎል እንዲህ ከታች ወደ ላይ እየሄደ ያስተካክል እንደሆነ ግን ሊቃውንቱም አልተስማሙም። ደግሞ ሕፃን አንድ ሁለቴ ፍየል ካየ ፍየል ያውቃል። ማሽኑ እልፍ ፎቶ ይፈልጋል።"

"ደነዝ ነዋ!"

"ደነዝ ነው፤ ግን አይሰለቸውም።"

ስለ እኔ የተናገረች መሰለኝ።

ስልኩን ግራር ላይ አሰረችው፤ ማሳውንና ማማውን ያያል። ስንት ቀን ፎቶ ስታነሳ ሰነበተች። ማሽኑን በፎቶዎቹ ስትፈትነው ሁሉንም አገኘ። ደስታዋ ለጎረቤት ተረፈ። ኑ እዩልኝ ብላ ሰው ጠራች። በልጅነቷ ያስተማራት ነውና መምህሩንም ጠራችው። እኔ አልከለከልኳትም፤ ሰላምታም አልሰጠሁትም።

ሰዉ ግራሩ ሥር ቆመ። እኔ ጅራፌን ይዤ ማማው ላይ ስወጣ ስልኩ "ጧ! ጧ!" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ልጄ ግን ሰማዩን ታያለች። ወፍ የለም። ወረድኩ፤ ስልኩ ዝም አለ። ወጣሁ፤ "ጧ!" አለ። ወርጄ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። በዚያው ቅጽበት ግሪሳው መጣ፣ ማሽላው ላይ ዝርግፍ አለ። ስልኩ እንደ ሟች ዝም።

ሚስቴ "እንግዲህ ወፉ አንተ ነሃ!" ብላ ጮኸች። ሳቁን ተዉት። ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ እየጮኸ፣ ወፉን በድንጋይ አባረርነው። እኔም እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ልዋሽ አልችልም።

መምህሩ "ልጄ፣ ይሄ ማሽን አታሎሻል" አላት።

"አላታለለኝም መምህር" አለች። ፊቷ በላብ ርሷል። "ወፍ ያለበትን ፎቶ ሁሉ ያነሳሁት አባዬ ማማው ላይ ቆሞ ሲጮህ ነው። ወፍ የሌለበትን ያነሳሁት ለምሳ ሲወርድ። ወፉ ትንሽ ነው፣ አባዬ ግን ትልቅ ነው። የቀለለውን ያዘ። ያሳየሁትን ነው የተማረው።"

"ያን ቀን ስትፈትኚው ሁሉንም አግኝቶ የለ?" አላት መምህሩ።

"የፈተንኩት አስቀድሞ ባያቸው ፎቶዎች ነበር። መሸምደድና ማወቅ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለዩት አዲስ ነገር ሲቀርብ ነው።"

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ከዋርካው ቀን ወዲህ አንድ ቃል አናግሬው አላውቅም።

"ሰማህ?" አልኩት።

ወፉን ሁሉም ረሳው።

"ማሽን ምንም አያውቅም" አለ መምህሩ። "እርስዎ ግን ሰው ነዎት። አለማንበብዎን ያውቁ ነበር።"

"በምን? ዓመቱን ሙሉ 'ጎበዝ' ስትለኝ ምን ብዬ ልጠርጥር? አታላይ የሚባለው የሚደብቀው ያለው ሰው ነው። እኔ ምን ደበቅሁ? ያንን ያህል ጮክ ብዬ!"

መምህሩ ወደ ልጄ ዞረና "አሁን ምን ታደርጊዋለሽ?" አላት።

"እንደገና አነሳለሁ። ወፍ ኖሮ አባዬ የሌለበት፣ አባዬ ኖሮ ወፍ የሌለበት። ከዚያ እያዘበራረቅሁ አሳየዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉን እንዳይዝ። አንዳንዱን ደግሞ ደብቄ ለፈተና አስቀምጣለሁ።"

መምህሩ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። "አቡጊዳ" አለ ለራሱ።

የቄስ ትምህርት የተማረ ያውቀዋል። ልጁ ሀሁን በዜማ ከዘለቀ በኋላ ፊደሉን አዘበራርቀው አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያሉ ያስቆጥሩታል፤ በዜማው ብቻ ይዞት እንደሆነ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው።

"እኔን የኔታ የቆነጠጡኝ በአቡጊዳ ነው" አለ። "ለእናንተ ግን መጽሐፉ አይዘውም፣ ጊዜም የለም ብዬ ዘለልኩት።" ተነስቶ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። እኔም አልተከተልኩትም።

የቀረውን ጥቅምት እንደ ሙሽራ ፎቶ ስነሳ ከረምኩ። "አባዬ፣ ወፍ ሳይኖር ቁም! አባዬ፣ ወፍ መጣ፣ ተደበቅ!" ወፍ መጣ ተብዬ የተደበቅሁ የመጀመሪያው የማሽላ ጠባቂ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጎረቤቶቻችን "በወፍ ተሸነፈ" እያሉ ያልፋሉ። ሚስቴ በየፎቶው ሽርጤን እንድቀይር ታስገድደኛለች፤ ማሽኑ ሽርጤን ወፍ ነው ብሎ እንዳይሸመድድ ነው አሉ። ማሽኑ አሁን ደህና ተምሯል። በነፋስ የሚበር ጥቁር ፌስታል ሲያይ አሁንም ይጮኻል፤ እኔ እንኳ አንዳንዴ እሳሳታለሁ፣ አልፈርድበትም።

የኅዳር ሚካኤል ተራው የመምህሩ ነበር። እንደ ልማዴ ልቀር ስል ከሽማግሌዎቹ አንዱ መጡ።

"ና ብሎሃል። በማኅበሩ ፊት የሚናገረው አለ።"

"ምን ብሎ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ከእሱ አፍ ስማ። ያንተን ምላስ ለመሸከም እንኳ አርጅቻለሁ።"

ሄድኩ። በዋርካው ሥር የሳቁት ሁሉ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ጠላው ቀርቧል፣ ዳቦው ተቆርሷል። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ነገሩ ካላማረኝ ለመውጣት ይመቸኛል ብዬ ነው። መምህሩ ጽዋው ከመዞሩ በፊት ቆመ።

"የትምህርቱ መዝጊያ ቀን ጋሼን በእናንተ ፊት አታላይ ብያቸዋለሁ" አለ። "አላታለሉኝም። በአንዲት መጽሐፍ፣ በአንድ በኩል ብቻ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። መሸምደዳቸውን ሳላይ ጎበዝ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ቃሉን አንስቻለሁ።"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም መጣ። ትከሻውን ይዤ አቆምኩት።

"የጉልበቱን ተወው" አልኩት። "ያልከውን ብቻ ድገመው፤ ከወዲያ ጥግ ያሉት አልሰሙም።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ፤ ሳቀና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ጽዋው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ጠጣሁ።

ነገሩ ያለቀው ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።