እትዬ ዘሀራ የሸተታቸው ጭስ

አማቴ እትዬ ዘሀራ የሚታወቁት በአፍንጫቸው ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሠርግ ደግሶ እሳቸውን ያልጠራ ሰው ጥቂት ነው። ከጓዳው በር ላይ ቆም ይሉና አየሩን ሳብ አድርገው፣ «ያኛው ጨው ጎድሎታል፤ ይኸኛው ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም» ይላሉ። ሴቶቹ ተሳስቀው ይቀምሱታል፤ እንዳሉት ሆኖ ይገኛል።

ለልጃቸው ለሙሐዲን ተድሬ ቤታቸው ስገባ ገና ልጅ ነበርኩ። ባላቸው ኡበይድ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ እኔ ስገባ ሞተው ነበር። እትዬ ዘሀራ ልጆቻቸውን ያሳደጉት መናኸሪያው አጠገብ በከፈቷት ጠባብ ምግብ ቤት፣ የሐይቁን ቆሮሶ ዓሣ እየሠሩ ነው። መጀመሪያ ያሉኝን አልረሳውም። «ነጅዋ፣ ሽንኩርት ችኩል ሴት ያውቃል፤ ሰው ፊት ያጋልጥሻል።»

ጥር በመጣ ቁጥር ሐይቁ ዳር የዓሣ ወጥ ውድድር ነበር። ሥጋ ቢሆን እስላሙ ክርስቲያኑ ያረደውን፣ ክርስቲያኑም እስላሙ ያረደውን አይቀምስም። ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደውምና ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል። ለአሸናፊዋ የሚሰጠው ትልቅ ድስት ነው። የእትዬ ዘሀራ ጓዳ በሽልማት ድስት ተሞልቶ ነበር፤ የቀረውን የወሰደችው እትዬ ጸዳለ ናት። ጸዳለ የአምባሰል ልጅ ናት፤ ከውጫሌ ተድራ ነው ሐይቅ የገባችው። ሁለቱ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ በሐዘንም በደስታም አይለያዩም፣ ጥር ሲመጣ ግን ይኮራረፋሉ። ውድድሩ ሲያልቅ የተሸነፈችው ያሸነፈችው ቤት ሄዳ ዓሣውን እየበላች እንከን ታወጣለታለች።

የጦርነቱ ዓመት ጥቅምት ላይ እትዬ ዘሀራ ለአስር ሰላት ውዱእ አድርገው ግቢው መሐል ቆመው ቀሩ።

«ጭስ ይሸተኛል» አሉ።

ሙሐዲን፣ «ገበሬው ገለባ እያቃጠለ ይሆናል» አላቸው።

«ገለባ አይደለም። የሰው ቤት ነው የሚቃጠለው። ተነሱ።»

የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። እኛ ግን ተነሳን። ወደ ጸዳለም ሰው ላኩባት፤ ቤተሰቧን ይዛ ተከተለችን። ወደ አርዲቦ፣ ዘመዶቻችን ዘንድ ሄድን። በማግስቱ ተኩሱ ሐይቅ ገባ፤ መንገዱም በሚሸሽ ሰው ተዘጋ። ስንመለስ ምግብ ቤቱ ተዘርፎ ባዶውን ነበር፣ እኛ ግን ሁላችንም በሕይወት ነበርን። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የእትዬ ዘሀራን አፍንጫ የሚጠራጠር አልተገኘም።

ለዚህ ነው አምና መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣ የሆነው ነገር ያን ያህል ያስደነገጠን። እትዬ ዘሀራ ዓሣ እየገፈፉ ሳለ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«ነጅዋ፣ ምንድን ነው የሚያርረው?»

ምድጃው አልተለኮሰም ነበር። ጓዳውን አየሁ፣ የመብራቱን ገመድ ዳሰስኩ፣ ወጥቼ በቤቱ ዙሪያ ሄድኩ። ምንም የለም።

«ምንም የለም፣ እማማ።»

«አለ እንጂ» አሉና አጥሩ ሥር ሄደው ቆሙ፤ ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው።

ጎረቤት አየቻቸው። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አንዱ ፍራሹን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ ደሴ ሄደ፤ ሌሎች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀሩ። ነጋዴዎቹ ገና ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ሙሐዲንን መንገድ ላይ ያቆሙታል። «እናትህ ዛሬስ ምን አሉ?» እሱም መዋሸት ጀመረ። «ዛሬ አልሸተታቸውም» ይላል። ቤት ሲገባ ግን እናቱን እዚያው አጥሩ ሥር ያገኛቸዋል።

ቀናት አለፉ፤ የመጣ ነገር የለም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀንም፣ መልኩን ነው የቀየረው። ጂን ነው ያሉ ነበሩ። ሞታቸውን አሽትተው ነው ያለችም ነበረች፤ እኔ እየሰማሁ። እሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ይሠራሉ፣ መለስ ብለው ደግሞ አየሩን ይስባሉ። ሳቃቸው ጠፋ።

አንድ የገበያ ቀን ደንበኛችን ሀሚዱ ሰሃኑን ይዞ ጓዳ ድረስ መጣ። ሀሚዱ ሹፌር ነው፤ ለዓመታት ከእኛ ቤት በልቷል።

«ነጅዋ፣ እሳቸው እንዳይሰሙ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ዓሣ ተበላሽቷል።»

ሰሃኑን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ወዲያው ክዳን ደፋሁበት። ያንን ዓሣ መርጠው፣ አጥበው፣ ቀቅለው ያቀረቡት እትዬ ዘሀራ ራሳቸው ነበሩ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ሰምተዋል።

ሰው ከሄደ በኋላ በርጩማ ላይ ተቀመጡና፣ «ኮሰረቱን ስጪኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው አሸተቱት።

«ነጭ ሽንኩርቱን።»

ሰጠኋቸው። ጦስኙንም፣ ነጭ አዝሙዱንም ጠየቁኝ። በመጨረሻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ሁሉም ያው ጭስ ነው» አሉ። «ለማንም አትንገሪ።»

እኔ አልነገርኩም። ጸዳለ ግን ሰው እስኪነግራት የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። በሳምንቱ መጥታ ከፊታቸው ቁጭ አለች።

«ዘሀራ፣ ወጥሽ ጠፍቶብሻል።»

«ማን አለሽ?»

«ምላሴ ነዋ። ትናንት ልጄን ልኬ አስገዝቼ ቀመስኩት። በይ ተነሺ፣ ደሴ እንሂድ።»

«ኸይር ነው፣ ይተወኛል።»

«እኔ የማሸንፈው ጤነኛዋን ዘሀራ ነው» አለች ጸዳለ። «እህቴዋ፣ ተነሺ አልኩሽ።»

ደሴ ሐኪሙ የራስ ቅላቸውን ፎቶ ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ አሳየን። ከግንባራቸው አጥንት ጀርባ ነጣ ያለ ነገር ተቀምጧል፣ የሎሚ ያህል። ዕጢ ነው አለ። ለማሽተት የሚያገለግለውን ሥር ተጭኖታል፤ ጭስ የሚመስላቸውም ለዚህ ነው። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ እንደሆነና በዕድሜያቸው የሚያሰጋ መሆኑንም ነገረን። ሙሐዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እትዬ ዘሀራ ፎቶውን አተኩረው አይተው፣ «እንግዲያው ጭሱ ከውጭ አይደለም?» ብለው ጠየቁ።

«አይደለም፣ እናቴ። እዚሁ ውስጥዎ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አገሩ ላይ አይደለማ። እንኳን እኔ ላይ ሆነ።»

ያን ዕለት ከመኪና ሲወርዱ ለሚያገኙት ሁሉ፣ «አብሽሩ፣ የኔ በሽታ ነው። ዕቃችሁን ፍቱ» እያሉ ነው ቤት የደረሱት። ሰው አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን አለ። ያም ሆኖ ዕቃውን ያልፈታ ነበር። እኔም ለሽሽት አሰናድቼ አልጋ ሥር ያስቀመጥኩትን ሻንጣ አልፈታሁትም።

ቀዶ ሕክምናውን እንቢ አሉ። ጥር ሲመጣ ለውድድሩ ተመዘገቡ። ሙሐዲን ለመናቸው፤ አልሰሙትም። የምትቀምስላቸው ጸዳለ ናት ሲባል ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ። ጸዳለን ብወዳትም ተወዳዳሪ ናት።

በውድድሩ ቀን ከሐይቁ ላይ ከባድ ነፋስ ይነፍስ ነበር፤ ምድጃዎቹ እየተንቦገቦጉ ያስቸግራሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ። እትዬ ዘሀራ በእጃቸው ልማድ ይሠራሉ፤ ጸዳለ ከራሷ ድስት ወደ እሳቸው ትመላለሳለች።

«ጨው?»

«ጨምሪ። ትንሽ፣ በቃ።»

«በርበሬው?»

«ገና ይቁላላ። እሳቱን ቀንሺለት።»

ተደብቄ ቀመስኩት። የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። ጸዳለ የእትዬ ዘሀራን ድስት እያማሰለች ሳለ፣ እትዬ ዘሀራ የጸዳለ ምድጃ አጠገብ ቆመው ሐይቁን ይመለከታሉ። ድንገት የምር ሽታ መጣ። እኔ ከሩቅ ሸተተኝ፤ ሰውም ዘወር ዘወር አለ። የጸዳለ ወጥ ከታች ይዞ እያረረ ነበር። እትዬ ዘሀራ ከድስቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመዋል፣ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እየሮጥኩ ስመጣ የኔን ፊት አይተው ነው ወደ ድስቱ የዞሩት።

ክዳኑን በእጃቸው አነሱትና ተመለከቱት። ያኔ የነበራቸውን ዐይን ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ።

ዳኞቹ አንደኝነቱን ለእትዬ ዘሀራ ሰጡ። ሰዉ አጨበጨበ። እሳቸው ድስቱን ተቀብለው በቀጥታ ወደ ጸዳለ ሄዱ።

«አጠገቡ ቆሜ ነበርኮ» አሏት። «አጠገቡ ቆሜ አሳረርኩብሽ።»

ጸዳለ እጃቸውን ያዘቻቸው። «ያሳረርኩት እኔ ነኝ፣ ትቼው የሄድኩት። በይ ነይ፣ ያንቺን እንብላ፤ እንከን አወጣለት የለ?» ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጠው በሉ። እትዬ ዘሀራ ብዙም አልጎረሱም።

ከዚያ በኋላ ምድጃ አጠገብ አልደረሱም። ራስ ምታቱ ጠና፤ ክረምቱ ሲገባ ዐይናቸውም ደከመ። ዝናቡ እየዘነበ ልብስ ይቃጠላል ይላሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ የልጅ ፀጉር። ጸዳለ በየቀኑ መጥታ እግራቸውን ታሻለች። በሐምሌ አንድ ጁምዓ ጠዋት ዐረፉ። ከሰላቱ በኋላ ቀበርናቸው፤ መስጊዱ ሰው አልበቃውም። ለለቀስተኛው ምስሩንና ሽሮውን የሠራችው ጸዳለ ናት፤ ማንንም አላስነካችም።

ዘንድሮ ውድድሩ አልተካሄደም። አዘጋጆቹ እንደገና ግጭት ስላለ መንገዱ አያስተማምንም ብለው ትተውታል፤ የአምባሰል ሴቶችም መምጣት አልቻሉም። ምግብ ቤቱን አሁን የምሠራው እኔ ነኝ። ጸዳለ በገበያ ቀን እየመጣች ዓሣውን ትመርጥልኛለች። አመሻሽ ላይ ግን ቶሎ እንዘጋለን፤ ሰዉም በልቶ ቶሎ ወደየቤቱ ይገባል።