መስቀሎቹን የያዘው ካርቶን

ፕላስተር ከጥቅሉ ሲላቀቅ የሚያሰማው ጩኸት ዛሬም ወደ እናቴ ወጥ ቤት ይመልሰኛል። በቅርቡ ዶርም ውስጥ ጎረቤቴ ዕቃዋን ስታሽግ ያ ድምፅ ተሰማኝና የቫኒላና የበርበሬ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን የመታኝ መሰለኝ። ሁለቱ እንዴት እንደተገናኙ ላጫውታችሁ።

ያኔ ሃይስኩል ነበርኩ፤ የምንኖረው ብሩክሊን ፓርክ በምትባል በረዷማ ከተማ ነበር። ታላቅ እህቴ እናቴ ያልወደደችውን ሰው አግብታ ሲያትል ገብታለች። ስትሄድ እናቴ «ከዚህ በር ከወጣሽ እናት አለኝ እንዳትዪ» ብላት ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በዓል ሲሆን ብቻ፣ ያውም በእኔ አማካይነት ነበር። እህቴ ሴት ልጅ ወልዳ ክርስትናው ሲደርስ እናቴ ከምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ፈቃድ ከለከሏት።

«እኔ ካልሄድኩ እጄ ይሄዳል» አለች።

እጇ ማለት ኩኪስ ነበር። በእረፍት ቀኗ ለሰው ልደትና ሠርግ በባለቀለም ስኳር ያጌጠ ኩኪስ ትሠራ ነበር። ለክርስትናው ሊጡ ውስጥ ቫኒላ ጨምራ በመስቀል ቅርጽ ቆርጣ ጋገረች፤ በነጭ ስኳር ቀባቻቸውና ጠርዛቸውን እንደ ቀሚስ ጥለት በወርቃማና በአረንጓዴ አስጌጠች። ከውጭ በበረዶው ላይ ነጥሮ በሚገባው ብርሃን ሲደርቁ እንደ ሸክላ ሳህን ያብረቀርቁ ነበር። የመስቀሎቹ ክንድ ግን ቀጭን ነበር።

«ማሚ፣ ክብ አድርጊያቸው፤ ክብ ቶሎ አይሰበርም» አልኳት።

«ክርስትና ነው እንጂ ልደት ነው? ተሰብሮ ከደረሳት አሁንም ከልቧ አልታረቀችኝም ትላለች። አንዱም አይሰበርም!»

መጀመሪያ የሙከራ ካርቶን አሸግን። አባቴ በመኪናው ሰው ያመላልስ ስለነበር ካርቶኑን ከኋላ ጭኖ እስከ ጎረቤት ከተሞቹ ሮዝቪልና ዉድበሪ ድረስ በተቦረቦረው መንገድ ሲያንገጫግጨው ዋለ።

«ዛሬ ደግሞ ኩኪስ ተሳፋሪ ሆነ? ቲፕ ይሰጠኛል?» እያለ ነበር የወጣው።

ሲመለስ ከፈትነው። ከመስቀል ይልቅ ፍርፋሪ ይበዛ ነበር፤ ሁሉም ቀልቷል። ለካ እናቴ፣ ለዘመድ የሚላክ ካርቶን ክፍት ቦታ ይዞ አይሄድም ብላ፣ በርበሬና ሽሮ በፌስታል ቋጥራ ከላይ ጠቅጥቃበታለች። ክብደቱ ኩኪሶቹን አድቅቋቸዋል፤ ፌስታሉም ተቀዷል። አባቴ አንዱን ቁራጭ ቀመሰና «ይሄማ ከእንጀራ ጋር ነው የሚበላው!» አለ። እኔ ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም።

«በርበሬ የሌለው ዕቃ ለልጄ? ባዳ የላከው አይመስልም?»

«በርበሬውን ለብቻው ላኪው፣ የኔ እመቤት» አላት አባቴ።

እጅጌዋን ሰብስባ እንደገና ሊጥ ማቡካት ጀመረች። በዚህኛው ዙር ኩኪሶቹን ሁለት ሁለት አድርገን፣ ጀርባ ለጀርባ አጋጥመን በትንንሽ ላስቲክ ከተትናቸው። አየር በቋጠረው ፕላስቲክ ጠቀለልናቸውና እንደ ሳህን በጠርዛቸው አቆምናቸው። ካርቶኑን ሌላ ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገባን። ክፍተቱን ግን ባዶ መተው አልሆነላትም፤ ያለ ዘይትና ያለ ጨው ፈንዲሻ አፈንድታ ሞላችው። ከዚያ ካርቶኑን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ነቀነቀችው። ትንሽ ኮሽታ ስትሰማ ፕላስተሩን ቀዳ ከፈተችው፤ ፈንዲሻ ጨምራ አሸገችው፤ እንደገና ነቀነቀችው። ምንም እስከማይሰማ ድረስ እንዲሁ አደረገች። ያ የፕላስተር ጩኸት ነው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው።

በክርስትናው ቀን ስልኬ ጠራ። እህቴ ነበረች። እንደ ልማዴ መልእክት ልቀበል ስል «ማሚን ስጪኝ» አለች። ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ማሚ፣ አንድም አልተሰበረም። ፈንዲሻውን ሳይቀር እንግዳው ጨረሰው። አንዱን መስቀል ግን ላንቺ አስቀምጬዋለሁ።»

እናቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «እስክመጣ ይደርቅ የለ እንዴ?»

«ይድረቅ።»

በረዶው ቀልጦ ትምህርት ሲዘጋ ፈቃድ አገኘችና ሲያትል አብረን ሄድን። እህቴ ኩኪሱን ከመስታወት ቁም ሳጥኑ አወጣችው። ነጩ ስኳር ወይቧል፤ ክንዶቹ ግን አራቱም ነበሩ።

«ተዪው ማሚ፣ ድንጋይ ሆኗል፤ ጥርስሽን ይሰብራል።»

እናቴ ኩኪሱን ተቀበለቻት። የልጅ ልጇን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች መስቀሉን ሻይ ውስጥ እየነከረች፣ ክንድ በክንድ፣ ቀስ ብላ በላችው። ሲያልቅ በሕፃኗ ቀሚስ ላይ የወደቀችውን ፍርፋሪ በጣቷ አንስታ አፏ ውስጥ ጨመረች።