ቤንዚን አልጠግብ ያለችው ላንድሮቨራችን

ባለፈው ሐሙስ የቡ ከተማ ገበያ መሐል እጄን አቃጠልኩ... በእሳት እንዳይመስላችሁ፣ በመኪና ጎማ!

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ቡና ነጋዴ ነኝ። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን ተነስቼ የቡ፣ ሲመቸኝም እስከ ሊሙ ገነት፣ ላንድሮቨራችንን ራሴ ነድቼ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና ማለት ነው፣ ገዝቼ እመለሳለሁ። በከፋ ጠቅላይ ግዛት መሪ የጨበጠች ሴት ስንት አለች? መንዳት ያስተማረኝ ባለቤቴ ወርቅነህ ነው። ሰው ሲስቅበት ደረቱን ነፍቶ «የኔ ሚስት እንኳን ላንድሮቨር አውሮፕላን ትነዳለች!» ይላቸው ነበር። እኔም በየሄድኩበት «ባል ማለት እንደ ወርቅነህ!» እያልኩ ስንቷን ሴት አስቀንቻለሁ መሰላችሁ።

መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ነው የገዛናት። ግን ጭቃ አይበግራትም። ችግሩ ከዚህ ክረምት ወዲህ ቤንዚን አልጠግብ አለች። የቡ ለመሄድና ለመመለስ ጀሪካን መያዝ ጀመርኩ። የቡ እኮ እዚህ አፍንጫችን ሥር ነው!

«አልሚ፣ የደከምሽበትን ሁሉ ማደያው በላው» አለኝ ወርቅነህ እያዘነ። «የቡናው ወቅት ሳይጋመስ ካልተሻላት እንሽጣት። አንቺም ከኔ ጋር ሱቃችን ትውያለሽ፤ ምን አደከመሽ?»

ሱቅ! ቀኑን ሙሉ ምስማርና የቀለም ቆርቆሮ እያየሁ ልውል! እኔ ያለ መንገድ ሞቼ ነው የማድረው።

እና ታጥቄ ተነሳሁ። አየር ማጣሪያውን አጠብኩ። ካንዴላዎቹን አውልቄ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩ። ጎማዎቹን ንፋስ አስሞላሁ። ጣሪያዋ ላይ ያለውን ከባድ የብረት ዕቃ መጫኛ አስወረድኩ። አነዳዴን ራሱ ቀየርኩ፤ ቤንዚን መስጫውን እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው በቀስታ ነው የምረግጠው። ወርቅነህ አጠገቤ ቆሞ «ጎበዝ! በርቺ!» ይለኛል። በገበያ ዋዜማ ደግሞ «አንቺ እረፊ፣ ከሥር እኔ ልይልሽ» ብሎ ጆንያ አንጥፎ መፍቻውን ይዞ ከመኪናዋ ሥር ይገባል።

ምንም ለውጥ የለም። ጭራሽ ባሰባት!

ወደ ሐሙሱ ልመለስ። የቡ ላይ ከአዴ ዘይነባ ጀንፈል እየገዛሁ ነው። የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ናቸው፣ ትልቅ ሴት ናቸው። በኛ ሥራ ጆንያ በዓይን አይገዛም፤ እጅሽን እስከ ክርንሽ ከትተሽ ትዳብሺያለሽ። ሳይደርቅ የታሰረ ቡና ውስጡ ይግላል። የአዴ ዘይነባ ቡና ቀዝቃዛ ነው፣ ደህና ነው። ከተቀመጥኩበት ልነሳ ስል የላንድሮቨሯ ጎማ መሐል ያለውን ብረት ደገፍ አልኩ... ጮህኩ!

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?»

«አቃጠለኝ!»

እሳቸውም እጃቸውን አስጠጉና ቶሎ ሰበሰቡ። «ሱብሃነላህ! ይሄስ ሳይደርቅ የታሰረ ነው!» ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አራቱንም ጎማዎች ዞሬ ነካሁ። አራቱም እሳት! ሞተር አጥፍቼ፣ ማርሽ አውጥቼ፣ የእጅ ፍሬን ለቅቄ «እስቲ ግፉልኝ» ብል፣ ሜዳ ላይ ሦስት ጎረምሳ ገፍቶ በግድ ነው የተነቃነቀችው። ለካ ፍሬን እንደያዘች ነው የማስሮጣት! ያን ሁሉ ቤንዚን ብትጠጣ ይፈረድባታል?

እዚያው መፍቻ አወጣሁና ከጎማዎቹ ጀርባ ያሉትን የፍሬን ማስተካከያ ብሎኖች አላላሁ። እያላላሁ ነው ነገሩ የገባኝ... ፍሬን ሲቆይ እየተበላ ይላላል እንጂ በራሱ አይጠብቅም፤ ያውም አራቱም እኩል። ይህን ያስተማረኝ ደግሞ ወርቅነህ ራሱ ነው።

ያን ቀን ጀሪካኑን ሳልነካ ቤቴ ገባሁ። ምንም አልተናገርኩም። ተሳስቼ በሆነ እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ጸለይኩ።

ትናንት ረቡዕ አመሻሽ ላይ እንደ ልማዱ ጆንያውን አንጥፎ ገባ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ተከትዬው ገባሁና ከጎኑ ጋደም አልኩ።

«አንቺ! ምን ልትሠሪ ገባሽ? ዘይት ይነካሻል!»

«ልማር ነዋ። ምን እያደረግህ ነው?»

«ፍሬኑን... እያየሁልሽ።»

«ወደየት ነው የምታዞረው?»

ማዞሩን ተወ።

«ወርቅነህ፣ እያላላህ ነው እያጠበቅህ?»

መፍቻውን ደረቱ ላይ አኖረ። «ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ‹ሚስትህ ሊሙ፣ አንተ ጓዳ› ይሉኛል። ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ተመልሼ አትሂጂ ማለት አሳፈረኝ።»

«እና በመኪናዋ አስነገርከኝ?»

በቁጣም ይሁን በልመና፣ ፊት ለፊት ቢመጣ አንጀቴን አይቆርጠውም ነበር። ካንዴላ ስፈትግ አጠገቤ ቆሞ «በርቺ!» ያለኝ ነው ያንገበገበኝ። ጣቴ እስኪላጥ እኮ ነው የፈተግኩት!

«አላላ» አልኩት። አላላ። አራቱንም እስኪጨርስ ከሥሩ አልወጣሁም።

ዛሬ የቡ ደርሼ መጣሁ። ጀሪካኑ እንደታሸገ ነው። መኪናዋ እንደ ጥጃ ስትፈነጥዝ እየዘፈንኩ ነው የተመለስኩት፣ አልዋሻችሁም። ደስታዬ ልክ የለውም። ወርቅነህ በር ላይ ቆሞ «እንዴት ሆነችልሽ?» ቢለኝ ግን «ደህና ናት» ብዬው አለፍኩ። ለሱ ገና አልበረደልኝም።

እህቶቼ፣ መኪናችሁ ቤንዚን መጠጣት ካበዛች ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ጎንበስ በሉና ከሥሯ ማን እንደተኛ እዩ።